ከመብረቅ ዘንግ እስከ እጅ አንጓ ማሰሪያ፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚደረግ የስታቲክ ኤሌክትሪክ ጥበቃ ታሪካዊ ጥናት

፩. የጥናቱ ዓላማ

የኮምፒዩተርን ክዳን ከፍቶ የውስጡን ዕቃ የሚለውጥ ባለሙያ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት በእጁ አንጓ ላይ አንድ ጠባብ ማሰሪያ ያስራል። ከማሰሪያውም ቀጭን ገመድ ይወጣና ከመሣሪያው የብረት አካል ወይም ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኛል። ይህን የሚያይ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ማሰሪያው ሠራተኛውን ከኤሌክትሪክ አደጋ የሚያድን መሆኑን ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሰሪያው የተሠራው ኮምፒዩተሩን ከሰውየው ለማዳን ነው። ዳሩ ግን ገመዱ ቢመረመር በውስጡ 1,000,000 ኦም የሚያህል ተቃውሞ ያለው ትንሽ ሬዚስተር ይገኛል፤ ይህ ሬዚስተር ደግሞ የተቀመጠው ሰውየውን ለማዳን ነው።

እንግዲህ በአንዲት ቀጭን ገመድ ውስጥ ሁለት ፍርሃቶች አብረው ይገኛሉ፤ አንደኛው ሰው ለራሱ የፈራው፣ ሁለተኛው ሰው ለሥራው የፈራው ነው። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ እነዚህ ሁለት ፍርሃቶች ከየት እንደ መጡና በምን ምክንያት እንደ ተገናኙ የታሪክን መንገድ ተከትሎ ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፪. ሰው የኤሌክትሪክ መንገድና ማጠራቀሚያ መሆኑ እንደ ታወቀ

ሁለት ነገሮች ተፋትገው ሲለያዩ ከአንደኛው ወደ ሌላው የሚሻገርና በላያቸው ተቀምጦ የሚቆይ ኤሌክትሪክ አለ። ይህም ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይባላል። በሽቦ ውስጥ እንደሚፈሰው ኤሌክትሪክ ዘወትር አይሄድም፤ ተጠራቅሞ ይቆይና መንገድ ባገኘ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ዘልሎ ይወጣል። የቆዩ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የሚሊጢን ሰው ታሌስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ አምበር የሚባለውን የደረቀ የጥንት ዛፍ ሙጫ በጨርቅ ቢፈትጉት ገለባ እንደሚስብ ተመልክቶ ነበር። «ኤሌክትሪክ» የሚለውም ቃል የመጣው አምበር በግሪክ ቋንቋ «ኤሌክትሮን» ስለሚባል ነው። የእንግሊዝ ንግሥት የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሐኪም የነበረው ዊልያም ጊልበርት በ1600 ስለ ማግኔት ባሳተመው መጽሐፍ ይህ የአምበር መሳብ ከማግኔት መሳብ የተለየ መሆኑን አስረዳ። የማግደቡርግ ከተማ ሹም የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪክ ደግሞ የድኝ ኳስ እያሽከረከረና በእጁ እየዳበሰ ኤሌክትሪክ የማስነሣት ዘዴን በ1672 ባወጣው መጽሐፍ ገለጸ።

ለዚህ ጥናት ዋና የሆነው ግን እስቲቨን ግሬይ የተባለው እንግሊዛዊ የደረሰበት ነገር ነው። ግሬይ በ1729 ኤሌክትሪክ በአንዳንድ ነገር ውስጥ እንደሚያልፍ፣ በአንዳንዱ ግን እንደማያልፍ አረጋገጠ። በሚቀጥለው ዓመት አንድ ልጅ ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ገመድ አንጠልጥሎ የተፈተገ የብርጭቆ ዘንግ ቢያቀርብለት የልጁ እጅና ፊት ቀላል ነገሮችን መሳብ ጀመረ። ገመዱ ኤሌክትሪኩን ባለማሳለፉ ልጁ ሙላቱን እንደ ያዘ ቆየ። በዚህም የሰው ገላ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍ መሆኑና ከመሬት ሲለይ ደግሞ ይዞት የሚቆይ መሆኑ ታወቀ።

በ1745 ኤቫልት ፎን ክላይስት በጀርመን፣ በ1746 ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ በሆላንድ በላይደን ከተማ እየራሳቸው ኤሌክትሪክን በጠርሙስ ማጠራቀም እንደሚቻል ደረሱበት። ዕቃውም የላይደን ጠርሙስ ተባለ። በዚያው በ1746 የፈረንሳዩ አባ ኖሌ በንጉሡ በሉዊ 15ኛ ፊት 180 የክብር ዘበኛ ወታደሮችን እጅ ለእጅ አያይዞ ጠርሙሱን ቢያራግፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ዘለሉ። በቤተ መንግሥት ይህ እንደ ጨዋታ ታየ። ይሁን እንጂ ሁለት ቁም ነገሮች ከዚህ ዘመን ቀርተዋል፤ ሰው መንገድ ነው፣ ሰው ማጠራቀሚያም ነው። ዛሬ ባለሙያዎች በስሌታቸው የአንድን ሰው ገላ 100 ፒኮፋራድ እንደሚይዝ ትንሽ ካፓሲተር፣ ማለት እንደ ትንሽ የላይደን ጠርሙስ፣ አድርገው ይቆጥሩታል።

፫. መብረቅና ወደ መሬት የሚያደርሰው መንገድ

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ወደ ሞት ጉዳይ ተለወጠ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን መብረቅ ያው በሰበቃ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በታላቅ መጠን መሆኑን ገምቶ መፈተኛውን ዘዴ ጽፎ ነበር። በግንቦት 1752 ዳሊባር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ አጠገብ በማርሊ የረዥም ብረት ዘንግ አቁሞ ከደመናው ኤሌክትሪክ በማውረድ ግምቱ እውነት መሆኑን አሳየ። ፍራንክሊንም ዘንጉ በሽቦ ከመሬት ጋር ቢያያዝ ቤት ከመብረቅ ሊድን እንደሚችል አስተማረ።

በዚህ ትምህርት ውስጥ የተሰወረውን አደጋ የገለጸው በፒተርስቡርግ የሳይንስ አካዳሚ መምህር የነበረው ጌኦርግ ሪክማን ነው። ሪክማን የመብረቅን ኃይል ለመለካት ከቤቱ ጣራ ላይ ብረት አቁሞ፣ ከብረቱም ሽቦ ወደ ክፍሉ አስገብቶ ነበር። መለካት የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥበት ብረቱን ከመሬት ጋር አላያያዘውም። በነሐሴ 1753 ነጎድጓድ ሲሰማ ከአካዳሚው ስብሰባ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ወደ መለኪያው ጎንበስ እንዳለ ከብረቱ የእሳት ኳስ ዘሎ ግንባሩን መታውና ወዲያው ሞተ። አብሮት የነበረው ሠዓሊ ሶኮሎፍ ቢወድቅም ተረፈ።

የሪክማን ሞት ምክንያት ግልጽ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚሄድበት የተዘጋጀ መንገድ ስላልነበረው በሰውየው በኩል ሄደ። ስለዚህ መሬትን ማያያዝ የጥበቃ ሁሉ መጀመሪያ ሆነ። በ1769 በጣልያን አገር በብሬሻ ከተማ ባሩድ ተከማችቶበት የነበረ ስፍራ በመብረቅ ተመቶ ከከተማው ብዙ ክፍል ሲፈርስና ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ ደግሞ የመብረቅ ዘንግ ለባሩድ ቤቶች አስፈላጊ መሆኑን የሚጠራጠር ጥቂት ሆነ።

፬. የሆስፒታል ወለል፤ የመካከለኛው መንገድ

በ1846 በቦስተን ሆስፒታል ኤተር ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ መሆኑ በአደባባይ ከታየ በኋላ በሽተኞች ያለ ሥቃይ መታከም ቻሉ። ዳሩ ግን የኤተር ተን በቀላሉ እሳት የሚይዝ ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በሥራ ላይ የዋለው ሳይክሎፕሮፔን የተባለው ጋዝም ከኦክስጅን ጋር ሲደባለቅ ይፈነዳል። ስለዚህ ከሐኪም ልብስ ወይም ከአልጋ ልብስ የሚዘል አንድ ብልጭታ በማደንዘዣው መሣሪያ አጠገብ ቢደርስ በሽተኛውን የሚገድል ፍንዳታ ሊያስነሣ ይችል ነበር።

የሆስፒታል ሰዎች በዚህ ጊዜ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠማቸው። ወለሉ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቢሆን ሙላቱ በሠራተኛው ላይ ተጠራቅሞ ብልጭታ ይሆናል። እንደ ብረት ፈጽሞ የሚያሳልፍ ቢሆን ደግሞ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ በእጁ የነካ ሰው እግሩ ከመሬት ጋር ስለ ተያያዘ ተመትቶ ይሞታል። የተሰጠው መልስ በመካከል የሚገኝ ነበር። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወለል አማካይ ተቃውሞ ከ25,000 ኦም እንዳያንስና ከ1,000,000 ኦም እንዳይበልጥ ወሰነ። ስታቲክ ኤሌክትሪክ መጠኑ ጥቂት ስለሆነ ይህን ተቃውሞ አልፎ በዝግታ ወደ መሬት ይፈሳል፤ ከግድግዳ መስመር የሚመጣው ብርቱ ኤሌክትሪክ ግን በመንገዱ ላይ ይታገዳል።

ይህ አሳብ ከፍራንክሊን ዘንግ አንድ እርምጃ ያለፈ ነው። ፍራንክሊን ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ የተከፈተ እንዲሆን ፈለገ፤ የሆስፒታሉ ወለል ግን መንገዱ የተከፈተም የጠበበም እንዲሆን አስፈለገው። ከ1956 ጀምሮ እሳት የማይዘው ሃሎቴን በማደንዘዣነት ሲገባ የዚህ ወለል አስፈላጊነት እየቀነሰ ሄደ። አሳቡ ግን በሌላ ስፍራ ሥራ ይጠብቀው ነበር።

፭. ፍርሃቱ የተገለበጠበት ዘመን

የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ኮምፒዩተሮች ስታቲክ ኤሌክትሪክን የሚፈሩ አልነበሩም። በ1946 በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ ወደ 18,000 የሚጠጉ የብርጭቆ ቱቦዎች ነበሩት፤ ኃይሉም 150 ኪሎዋት ያህል ነበር። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ሰው የሚፈራው ለራሱ ሕይወት ነው፤ የሰው ብልጭታ ቱቦን ሊጎዳ አይችልምና።

በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ ትራንዚስተር ተፈጠረ። ከዚያም በ1959 በዚያው ላቦራቶሪ ሙሐመድ አታላ የተባለው የግብፅ ተወላጅና ዳዎን ካንግ የተባለው የኮሪያ ተወላጅ ዛሬ ሞስ በሚል አጭር ስም የሚጠራውን ዐይነት ትራንዚስተር ሠሩ። የዚህ ትራንዚስተር መቆጣጠሪያ ክፍል፣ «በር» የሚባለው፣ ከታችኛው ሲሊኮን የሚለየው እንደ ብርጭቆ ባለ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው። በቀድሞዎቹ ሥራዎች የሽፋኑ ውፍረት ወደ 100 ናኖሜትር ይጠጋ ነበር፤ ይህም ከሰው ጠጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ ያነሰ ነው። እንዲህ ያለው ኦክሳይድ በግምት ለአንድ ናኖሜትር አንድ ቮልት ያህል ቢችል ነው። ስለዚህ ከ100 ቮልት ብዙ የማይበልጥ ኃይል ሽፋኑን ሊበሳው ይችላል።

እንግዲህ ይህን ከሰው ጋር እናነጻጽረው። ሰው በጣቱ ጫፍ ላይ የስታቲክ ብልጭታ የሚሰማው ሙላቱ ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አያይም፣ አይሰማም፣ አያውቅምም። ከ100 ቮልት እስከ 3,000 ቮልት ባለው ሰፊ ሜዳ ውስጥ ሰው ሳያውቀው ዕቃውን ሊገድል ይችላል ማለት ነው። በ3,000 ቮልት እንኳ በገላችን ላይ የሚጠራቀመው ሥራ ግማሽ ሚሊጁል አይሞላም፤ ይህ ትንኝን የሚያስደነግጥ ላይሆን ይችላል፤ ለዚያ ስስ ሽፋን ግን መብረቅ ነው።

በዚህ ጊዜ የጥንቱ ሥርዓት ተገለበጠ። ሰው ለሁለት ምዕት ዓመት ራሱን ከደመና ሲከላከል ኖሮ፣ አሁን ለሠራው ዕቃ እርሱ ራሱ ደመና ሆነ። ፋብሪካዎች የቀድሞዎቹን የሞስ ትራንዚስተሮች ሲልኩ እግሮቻቸውን በብረት ቀለበት አያይዘው ወይም ኤሌክትሪክ በሚያሳልፍ ጥቁር ስፖንጅ ውስጥ ሰክተው ነበር። እግሮቹ ሁሉ አንድ ከሆኑ በመካከላቸው የቮልት ልዩነት አይኖርም፤ ልዩነት ከሌለ ደግሞ ብልጭታ የለም። ቀጥሎም በዕቃው ውስጥ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ ጎን የሚመልሱ መከላከያ ዳዮዶች ተጨመሩ። ማይክል ፋራዴይ በ1836 ከየጎኑ 12 ጫማ የሆነ በብረት ቅጠል የተለበጠ ክፍል ሠርቶ፣ ውጭው በኃይል ሲሞላ ውስጡ ምንም እንደማይነካው አሳይቶ ነበር። ዛሬ የኮምፒዩተር ሰሌዳ የሚሸጥበት ብርማ ከረጢት የዚያ ክፍል ልጅ ነው።

፮. ክዳኑ በሁሉ እጅ ሲከፈት

ትልቁ ኮምፒዩተር በልዩ ክፍል ተቆልፎ በነበረበት ጊዜ ጥንቃቄው የጥቂት ባለሙያዎች ጉዳይ ነበር። በ1971 ኢንቴል 2,300 ትራንዚስተሮችን በአንድ ቺፕ ላይ ያኖረበትን 4004 አወጣ። በ1975 አልቴር 8800 ገዢው ራሱ በቤቱ የሚገጣጥመው ሆኖ ተሸጠ። በ1977 የወጣው አፕል 2 ክዳኑ ያለ ችግር የሚነሣ፣ በውስጡም ተጨማሪ ሰሌዳ የሚሰካባቸው 8 ስፍራዎች ያሉት ነበር። በ1981 አይ.ቢ.ኤም. ያወጣው የግል ኮምፒዩተርም እንዲሁ ሰሌዳ የሚጨመርበት ሆነ። ስለ ኦክሳይድ ሽፋን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ውስጥ ማስገባት ቻለ።

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ1980 ያወጣው መምሪያ ነገሩን በቁጥር አስቀመጠው። አየሩ ደረቅ ሆኖ እርጥበቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሆን በምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊሞላ ይችላል፤ እርጥበቱ ከ65 እስከ 90 በመቶ ሲሆን ግን 1,500 ቮልት ነው። በቪኒል ወለል ላይ የሚራመደው በደረቅ አየር 12,000፣ በእርጥብ አየር 250 ቮልት ይሞላል። በሥራ ጠረጴዛው ተቀምጦ የሚንቀሳቀስ ሠራተኛ እንኳ በደረቁ 6,000፣ በእርጥቡ 100 ቮልት ይደርሳል። በአገራችን ደጋማ ክፍል በበጋ ወራት ማታ የናይለን ሹራብ ሲያወልቅ የሚንጣጣ ድምፅ የሰማ ሰው የእነዚህን ቁጥሮች ትርጉም ለመረዳት አይቸገርም። አየሩ በሚርስበት በክረምት ግን ድምፁ ይጠፋል። ሆኖም የመጨረሻው ቁጥር እንደሚያሳየን እርጥበት ብቻውን ጥበቃ አይሆንም፤ ለስሱ ሽፋን 100 ቮልትም ይበቃልና።

በ1982 በአሜሪካ ይህን አደጋ የሚያጠና ማኅበር ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ጥናት ከተብራሩት ነገሮች ዋናው የተሰወረው ቁስል ነው። በብልጭታ የተመታ ዕቃ ሁሉ ወዲያው አይሞትም። አንዳንዱ ሽፋኑ በከፊል ተጎድቶ ሥራውን ይቀጥላል፤ ፈተናም ያልፋል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ግን ያለ ታወቀ ምክንያት ይወድቃል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ያለ ማሰሪያ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ ምንም አልሆነም» የሚለው። የሚናገረው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ያየው ወዲያው የሞተውን ብቻ ነው። በኋላ የሞተውን የቆጠረው በፋብሪካው ጥፋት ወይም በዕቃው እርጅና ነው። ምክንያትና ውጤት በጊዜ ሲራራቁ ጥፋተኛው ራሱን ሊያውቅ አይችልም።

፯. ማሰሪያው የሚሠራበትና የማይሠራበት ቦታ

የእጅ አንጓው ማሰሪያ የሆስፒታሉን ወለል አሳብ በአንድ ሰው ክንድ ላይ አድርጎ ያሳያል። በ1,000,000 ኦም ሬዚስተር በኩል የገላችን ሙላት ወደ ብረቱ ለመፍሰስ የሚፈጅበት ጊዜ ከሺ አንድ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ቢንቀሳቀስም ሙላት ሊጠራቀምበት አይችልም። ሰውየው በስሕተት 220 ቮልት የግድግዳ መስመር ቢነካ ደግሞ በማሰሪያው በኩል የሚያልፈው ከ0.22 ሚሊአምፔር አይበልጥም፤ ይህም ሰው ከሚሰማው መጠን በታች ነው። ሬዚስተሩን አውጥቶ በባዶ ሽቦ እጁን ከብረት የሚያስር ሰው ግን ዕቃውን እያዳነ ራሱን በሪክማን ስፍራ ያቆማል።

ማሰሪያው የማያድንበትም ቦታ አለ። የኃይል መስጫው ሣጥን ከግድግዳው ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች ወደ 300 ቮልት የሚያህል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የቀድሞው ባለ ብርጭቆ ቱቦ ስክሪን ደግሞ 20,000 ቮልትና ከዚያ በላይ ይይዛል። እነዚህን ማሰሪያ አስሮ መክፈት አይገባም፤ ክንዱ ከመሬት ጋር የተያያዘ ሰው ለእንዲህ ያለው ኃይል የተመቸ መንገድ ነውና።

አንድ ልማድም በጊዜ መለዋወጥ ጎጂ ሆኗል። በቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች ማጥፊያው ኃይሉን ፈጽሞ ስለሚቆርጥ፣ ገመዱን በግድግዳው ላይ ትቶ በመሬት ሽቦው መጠቀም የብዙ ሰው ምክር ነበር። በ1995 ኤ.ቲ.ኤክስ. የተባለው ሥርዓት ከወጣ ወዲህ ግን ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ሳለ 5 ቮልት ያለማቋረጥ ወደ ዋናው ሰሌዳ ይሄዳል። በዚህ ሁኔታ ሰሌዳ የሚነቅል ወይም የሚሰካ ሰው ከብልጭታ ያዳነውን ዕቃ በዚያ ኃይል ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ገመዱን መንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ ትራፊውን ማራገፍ፣ ማሰሪያውንም ቀለም ከሌለው የሣጥኑ ብረት ጋር ማያያዝ የተሻለ ነው። በግድግዳው የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤትም ይህ ይሠራል፤ ዋናው ነገር ሰውየው፣ ሣጥኑና ዕቃው በአንድ ደረጃ ላይ መሆናቸው ነውና። አዲሱ ሰሌዳ እስከሚገባበት ሰዓት ድረስ ከከረጢቱ አይወጣም፤ ሲወጣም በጠርዙ ይያዛል።

፰. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ጥበቃ ታሪክ የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ወደ መሬት የሚወስደው መንገድ ምን ያህል ይከፈት የሚል ነው። ሪክማን መንገዱን ዘግቶ ሞተ፤ ፍራንክሊን ከፈተው፤ የሆስፒታል ሰዎች ከፍተው አጠበቡት፤ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ይህንኑ በእጃቸው አሰሩት። ፍርሃቱ አቅጣጫውን ለወጠ እንጂ የመጀመሪያው ከሁለተኛው የተነሣ አልተሻረም። ማሽኑን የሚጠብቅ ሕግ ሰውን ከረሳ ሙሉ ሕግ አይደለም።

በአገራችን የኮምፒዩተር ዕቃ በብዙው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰሌዳ ሲበላሽ ምትኩን መጠበቅ የብዙ ሰው ሥራ ማቆም ነው። ከጥበቃዎች ሁሉ ርካሹ ግን ይህ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ የጥገና ትምህርት የሚሰጥባቸው ተቋማት ማሰሪያውን እንደ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን ከነምክንያቱ ቢያስተምሩት ይጠቅማል፤ ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ማንም ሳያየው ሲቀር ይፈታዋል፤ የሚያውቅ ግን የማይሰማውንና የማያየውን ብልጭታ አስቦ ያስረዋል።